ኩሬን የሚያኖረው ማድረቁ ነው፦ ከፋሲል መዋኛ እስከ ዛሬው የዓሣ ኩሬ

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የዓሣ ኩሬ ወሬ በየዜናው የተለመደ ሆኗል። ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዶሮና ከማር ጋር ዓሣም ወደ ሌማታችን እንዲገባ ታቅዷል። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኩሬ ተቆፍሯል፤ ኃላፊዎች ዳር ዳር ቆመዋል፤ ከፕላስቲክ ከረጢት የዓሣ ጫጩት ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ይጨበጨባል። ከስምንት ወር በኋላ እዚያው ኩሬ ዳር ሄዶ «ስንት ኪሎ ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ካሜራ ግን እምብዛም አናይም።

በጎንደርና በዙሪያዋም ጥያቄው እየመጣ ነው። ጥቂት መሬት ያለው ገበሬ፣ ተደራጅቶ ብድር የሚፈልግ ወጣት፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ ዘመድ «የግል የዓሣ ኩሬ ያዋጣል ወይ?» ይላል። ጥያቄው የግብርና ጥያቄ ይመስላል፤ እኔ ግን መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ ባይ ነኝ። ጎንደር ውኃ በመገደብ፣ በመሙላትና በመልቀቅ ረገድ ረጅም ልምድ ያላት ከተማ ናት። ያንን ልምድ ዞር ብለን ብናየው አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ኩሬ የሚሞተው ከተሞላ በኋላ ሲረሳ ነው፤ የሚኖረውም በየጊዜው የሚያደርቀው፣ የሚጠርገውና መልሶ የሚሞላው ባለቤት ሲኖረው ነው።

፩. መዋኛው ለምን ኖረ?

በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለውን የፋሲል መዋኛ የማያውቅ የለም። ትውፊቱ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ፋሲለደስ አሠራው ይላል፤ የልጅ ልጁ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ሥራ ነው የሚሉም አሉ። በማንኛውም ስሌት ከ300 ዓመት በላይ ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጎንደር ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች፣ በቦምብ ተደብድባለች። መዋኛው ግን ዛሬም በየዓመቱ ሥራውን ይሠራል።

ምስጢሩ የግንቡ ጥንካሬ ብቻ አይመስለኝም። መዋኛው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚኖር። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ውኃ በቦይ ተጠልፎ ይገባል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በማግስቱ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ውኃው ይለቀቃል። ባዶ ሲሆን ደለሉ ይታያል፣ ስንጥቁ ይታያል፣ ወደ ግንቡ የገባው የዛፍ ሥር ይታያል። ሊጠግን የፈለገ የት እንደሚጠግን ያውቃል። ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ ጥር 10 ሲደርስ ውኃው ከሌለ ከተማው ሁሉ ይጠይቃል። ማለትም መዋኛው ቀን አለው፣ ጠያቂም አለው።

ከዚሁ ጋር አንገረብን አነጻጽሩት። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በየክረምቱ ከላይ ከተራቆተው ተዳፋት አፈር ይወርድበታል። ሕዝብ የሚጠጣው ስለሆነ እንደ መዋኛው አድርቆ መጥረግ አይቻልም። ደለሉ ዓመት በዓመት ይተኛል፤ ውኃ የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል። የጀሪካን ሰልፍ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከተራራው አናት መጀመር ነው። «የዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚባለው ለውኃም ይሠራል።

፪. በዚያው ዘመን ሌላ አገር

ፋሲለደስ ከመንገሡ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ደቡብ፣ ትሬቦን በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ ኩሬ ተሠርቶ አለቀ። ሮዝምበርክ ይባላል፤ ዓመቱ 1590 እ.ኤ.አ. ነው። ኩሬው ለዓሣ ነው የተሠራው፤ ካርፕ ለሚባለው ዓሣ። በዚያ አካባቢ የነበሩ መነኮሳት፣ ጳጳሳትና መሳፍንት ኩሬ ያስቆፍሩ የነበረው በአብዛኛው ለጾም ወቅት ገበያ ነበር። ሥጋ በማይበላበት ጊዜ ዓሣ ይፈለጋል፤ ባሕር ደግሞ ሩቅ ነው። ያን ኦሎሙትስ የሚባል ከተማ ጳጳስ የነበረው ዱብራቪየስ በ1547 እ.ኤ.አ. ስለ ዓሣ ኩሬ አያያዝ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል።

ሮዝምበርክ ዛሬም ዓሣ ይሰጣል። በመከር ወቅት ውኃው ቀስ በቀስ ይለቀቃል፤ ዓሣው ወደ ጥልቁ ጥግ ይሰበሰባል፤ በመረብ ይወጣል። ከዚያ ኩሬው ተመልሶ ይሞላል። ከ400 ዓመት በላይ ዓሣ የሰጠው በዚህ መንገድ ነው። የእኛ መዋኛና የእነሱ ኩሬ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለገበያ። ሁለቱንም ያኖራቸው ግን አንድ ልማድ ነው፦ የተቆረጠ የመሙያና የመልቀቂያ ጊዜ።

እንግዲህ ጥያቄ ይነሳል። እኛም ጾም የምናበዛ ሕዝብ ነን። ውኃ መጥለፍና ግንብ መገንባትም እናውቅ ነበር። ጎንደር ለምን የዓሣ ኩሬ አልሠራችም?

፫. ጣና ነበረና

አንዱ መልስ ቀላል ነው። ጣና ቅርብ ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ነገሥታቱ ጎንደር ከመርጋታቸው በፊትም በሐይቁ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። ሞልቶ የተረፈ ዓሣ ባለበት ኩሬ የሚቆፍር የለም።

ሁለተኛው መልስ የሚያኮራ አይደለም። ዓሣ ማጥመድ የተከበረ ሥራ አልነበረም። በደንገል ታንኳ ሐይቁን ያወቁትና የዓሣውን ጠባይ ከማንም በላይ የተረዱት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን የናቀ ማኅበረሰብ ዓሣ አጥማጁንም ናቀ። ዕውቀቱም ከታንኳው ወደ እርሻው ሳይሻገር ቀረ።

ሦስተኛው የጾሙ ጉዳይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ ዛሬም አላለቀም። ብዙ ምእመን ይበላል፤ ብዙ መምህራን አይገባም ይላሉ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ግን ማንም ነጋዴ ይነግራችኋል። ለኩሬ ባለቤት የሚበጀው ክርክሩን ለሊቃውንቱ ትቶ ገበያው መቼ እንደሚደራ ማወቅ ነው።

ስለ ጣና ዓሣ ስናወራ አንድ ነገር ካላነሳን ግን ዋናው ነገር ያመልጠናል። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እና 1833 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ነበር። ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች ወደ አገሩ ወስዶ በ1830ዎቹ አጋማሽ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ከሰጣቸው ስሞች አንዱ «ጎርጓሪ» ነው። ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የምንል ሰዎች ነን። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት በጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ የተባለው ወገን ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም።

ከእነዚህ ውስጥ ቁጥራቸው የበዛው እንቁላል ለመጣል ሐይቁን ትተው በክረምትና በክረምቱ መውጫ ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ንጹሕና ፈሳሽ ውኃ ይፈልጋሉ። ከሚወጡባቸው ወንዞች አንዱ መገጭ ነው። መገጭ ደግሞ የጎንደር ደጋ ውኃ ነው፤ አንገረብም ወደ እሱ ይገባል። ስለዚህ የጎንደር ሰው ጓሮው ላይ ኩሬ ሲቆፍር በዓለም ላይ ብቸኛ ለሆኑ ዓሦች የመራቢያ ወንዝ ራስጌ ላይ ነው የሚቆፍረው። ይህንን የሚነግረው የለም።

፬. ሞተር ጀልባውና መረቡ

ለረጅም ዘመን የጣና ዓሣ የታንኳና የዳርቻ ሥራ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ገደማ ግን የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ መጡ። ከኔዘርላንድስ በተገኘ ድጋፍ የተጀመረው ይህ ሥራ በበጎ ሐሳብ ነበር፤ ድሃው አጥማጅ እንዲጠቀም። ተጠቅሟልም። ነገር ግን መረቡ ወደ ወንዝ ለመውጣት በየወንዙ አፍ የተሰበሰበውን ዓሣ፣ ገና እንቁላሉን ሳይጥል፣ አንድ ላይ ማውጣት ጀመረ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል አሽቆልቁሏል። በየወንዙ የሚዘረጋው መረብና ውኃ ላይ የሚበተነው የብርብራ ፍሬ ዱቄት ተጨመረበት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወረረ።

በኩሬ ዓሣ ማርባት ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥሩ ሐሳብ ነው። የጎንደር ገበያ ዓሣ የሚፈልግ ከሆነና ሐይቁ እየደከመ ከሄደ፣ ከእርሻ የሚወጣ ዓሣ ለጣና ዕረፍት ሊሰጠው ይችላል። ጥያቄው በምን ዓይነት ኩሬና በምን ዓይነት ዓሣ የሚለው ነው።

፭. ሐይቅን ማድረቅ አይቻልም

ከእኛው ክልል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሐይቅ ሐይቅ ቀድሞ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ አልነበረበትም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ተጨመረበት። ዓሣው ተራባ፤ ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ሆነ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቀድሞ እጅግ ጥርት ያለ የነበረው ውኃ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴና ድፍርስ ሆኖ ተገኘ። ውኃውን ያጠሩ የነበሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ዓሣው ስለበላቸው ሊሆን ይችላል ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ መመለስ ግን አይቻልም። ሐይቅ አይደርቅምና።

በባሌ ወንዞችም በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ትራውት የሚባለው የብርድ አገር ዓሣ ከኬንያ መጥቶ ተለቀቀ። ዛሬም አለ። ወንዝም አይደርቅም።

የኩሬ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ተሳስተህ የማይሆን ዓሣ ብትጨምር ታደርቀዋለህ፣ ትጀምራለህ። ግን ይህ የሚሆነው ኩሬው ማፍሰሻ ካለውና ዓሣው ወደ ወንዝ ካላመለጠ ብቻ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣ ማርባትን ከፈቃድ ጋር ያያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

፮. የ1990ዎቹ ኩሬዎች

ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ውኃ ማቆርን እንደ ዘመቻ ያዘው። በአማራና በትግራይ በየገበሬው ማሳ ኩሬ ተቆፈረ፤ ፕላስቲክ ተነጠፈ፤ ሲሚንቶ ተለሰነ። ቁጥር ይጠየቅ ነበር፤ ቁጥር ተሞላ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀዶ፣ ሲሚንቶአቸው ተሰንጥቆ፣ ደለል ሞልቷቸው ቀሩ። ትንኝ የፈላባቸው፣ ከብትና ልጅ የገባባቸውም ነበሩ። ተንከባክቦ ሽንኩርትና ጎመን ያበቀለባቸው ገበሬም ነበረ፤ ይህንን መካድ አይገባም። ልዩነቱ ምን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ኩሬውን የፈለገው ማን ነው የሚለው ነው። ገበሬው ፈልጎ የቆፈረው ኩሬ ይጠረግ ነበር። ለሪፖርት የተቆፈረው ግን ሪፖርቱ ሲያልቅ አለቀ።

አሁን ያለው የዓሣ ኩሬ ዘመቻ ያንን ታሪክ እንዳይደግም ነው ስጋቴ። ጫጩት መልቀቅ የአንድ ቀን በዓል ነው። መመገብ፣ መጠበቅና ማድረቅ ግን የዓመት ሥራ ነው።

፯. እንግዲህ መቆፈር ለሚፈልግ

መጀመሪያ ስሌት። 200 ካሬ ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 240 ሺህ ሊትር ውኃ ይይዛል። በ20 ሊትር ጀሪካን 12 ሺህ ጀሪካን ነው። ጎንደር ውስጥ በፈረቃ ውኃ የሚጠብቅ ሰው እያለ ይህንን ከቧንቧ መሙላት ነውር ነው። ኩሬ የምንጭ፣ የመስኖና የክረምት ጎርፍ ሥራ ነው። በጋው ረጅም ነው፤ ትነትና ስርገት የኩሬውን ግማሽና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በበጋ የሚጨምርበት ምንጭ የሌለው ሰው ባይጀምር ይሻላል። አፈሩም ውኃ የሚይዝ ሸክላማ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ብርዱን መቁጠር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጎንደር ከ2,000 ትበልጣለች፤ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ከዚያ እጅግ ከፍ ይላሉ። ቀረሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መራባቱ ያቆማል፣ እድገቱም ይዘገያል። ስለዚህ በደምቢያ ሜዳ የሚያዋጣው ደባርቅ ላይ ላያዋጣ ይችላል። ለደባርቅ ሰው የቀረሶ ጫጩት በገፍ የሚያድል ሰው ቁጥር እየሞላ ነው እንጂ ዓሣ እያረባ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ብዛት። በካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል፤ ለ200 ካሬ 400 ማለት ነው። ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ዓሣ ናት፤ በሞቀ ኩሬ ውስጥ በወራት ውስጥ ትራባለች። ያን ጊዜ ኩሬው በትናንሽ ዓሦች ይሞላና አንዱም ለመጥበሻ ሳይደርስ ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ጥቂት አምባዛ መጨመር ትርፉን ጫጩት ይበላል። ዋናው መድኃኒት ግን ያው ነው፦ ኩሬውን በዓመት አንዴ ማድረቅ፣ ያደገውን ማውጣትና በአዲስ ጫጩት መጀመር።

አራተኛ፣ መኖ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በየገበያው አለ። ጥቂት ፍግ ውኃውን አረንጓዴ ያደርጋል፤ አረንጓዴው ራሱ የዓሣ ምግብ ነው። ክንድህን እስከ ክርንህ አስገብተህ መዳፍህ ጨርሶ ከጠፋህ ግን በዝቷልና ፍጉን አቁም። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ከላይ አፋቸውን ከፍተው ቢያዛጉ አየር አጥተዋል ማለት ነው፤ መኖውን አቁመህ አዲስ ውኃ ጨምር።

አምስተኛ፣ መግቢያውና መውጫው። በመግቢያው ላይ ወንፊት ካልተደረገ ያልተጋበዘ ዓሣ ይገባል። በመውጫው ላይ ካልተደረገ ደግሞ የእኛ ዓሣ ወደ መገጭ ይወርዳል። ኩሬው በወንዙ መስመር ላይ ሳይሆን ከወንዙ ገለል ብሎ ይቆፈር፤ የክረምት ጎርፍ እንዳይጠርገው በዙሪያው መቀልበሻ ቦይ ይሠራለት። ልጆች እንዳይገቡበትም ይታጠር። ጫጩቱ ከታወቀ ማባዣ ይምጣ። ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ባሕር ዳርም የራሱ ማዕከል አለው። ከመገጭ በነሐሴ ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ አጥምዶ ኩሬ ውስጥ መክተት ግን ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። እዚያ አይራባም፤ ወንዙም ዘሩን ያጣል።

የዓመቱ ዑደት እንዲህ ሊሆን ይችላል። ክረምቱ ኩሬውን ይሙላው። ጫጩቱ ክረምቱ ሲወጣ ይግባ። ያደገው በዐቢይ ጾም ገበያ መውጣት ይጀምር። ግንቦት ላይ የቀረው ውኃ፣ ፍግ የጠገበው ውኃ፣ ለሽንኩርቱና ለቃሪያው ይልቀቅ። ኩሬው ይድረቅ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ደለሉ ወጥቶ ማሳ ላይ ይበተን፣ ስንጥቁ ይደፈን። ከዚያ ሰኔ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የማደርገው ምን ያህል ላገኝ ነው የሚል ካለ፣ ከ400 ጫጩት ሦስት መቶው ቢተርፍና እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ 60 ኪሎ ነው። ሀብታም አያደርግም። ለቤተሰብ ምግብ፣ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ የሆነ ውኃና በጾም ወቅት ጥቂት ገንዘብ ነው። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁን ሰው ስንት ኩሬ አድርቆ እንዳየ ጠይቁት።

ለባለሥልጣናትም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሪፖርታችሁ ላይ «የተለቀቀ ጫጩት» የሚል ዓምድ አለ። ከጎኑ «የደረቀ ኩሬና የወጣ ኪሎ» የሚል ዓምድ ጨምሩበት። ለዓመታት ሲጓተት የቆየው የመገጭ ግድብ ሲያልቅም ዓሦቹ በምን በኩል ያልፋሉ የሚለውን ከአሁኑ መልሱልን። የጎንደር ሰው ጥር 10 ሲደርስ መዋኛው መሞላቱን ይጠይቃል። ግንቦት ሲደርስ ደግሞ በየቀበሌው የተቆፈረው ኩሬ ስንት ኪሎ እንደሰጠ ይጠይቅ።